አንድ መንገደኛ፣ አንድ ቀፎ

ኢርማ ዱዴክ በአርባ አንድ ዓመት ትዳሯ ባሏ የትም ይዟት ሄዶ አያውቅም ብትል ውሸት ይሆንባታል። ሐኪም ቤት ወስዷታል፤ ቀብር ወስዷታል፤ አንድ ጊዜም ከሚልዋኪ ወጣ ብሎ ካለ እህል መደብር ድረስ ወስዷት፣ ጆንያ ሙሉ የወፍ ጥሬ አሸክሟት ተመልሷል። ስለዚህ አልቪን በመጋቢት ወር አንድ እሑድ ጧት ቋሊማውን እየቆረጠ፣ «ለጋብቻ በዓላችን ቻርልስተን እንሂድ እንዴ? በአውሮፕላን። ባሕር እናያለን፤ በጀልባም እንንሸራሸራለን» ሲላት፣ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ግንባሩን በእጇ መዳሰስ ነበር። ትኩሳት የለውም።

በማግስቱ ጠርዙ እንደ ትሪ የሰፋ የገለባ ባርኔጣ ገዛች። ለጎረቤት ተናገረች፤ ለአልቪን እህት ደውላ ተናገረች፤ የቤተ ክርስቲያኑን የዓርብ ዓሣ ጥብስ ለሚያዘጋጁት ሴቶች ሁሉ አንድ በአንድ ተናገረች። አልቪን ትንሽ ቆይቶ፣ በዚያው ሰሞን በዚያው ከተማ የካናሪ ወፍ አርቢዎች ውድድር እንዳለ «እንዲያው በአጋጣሚ» ሲጠቅስላት እንኳ ደስታዋ አልቀነሰም። ሰውየውን ታውቀዋለች። ወፍ በሌለበት አገር ቢወስዳት ኖሮ ነበር የምትጠረጥረው።

አልቪን ከቢራ ፋብሪካ ጡረታ የወጣ፣ ረጅም፣ ጎንበስ ያለ፣ ለሰው የማይናገረውን ለወፍ የሚናገር ሰው ነው። ከቤታቸው ምድር ቤት ውስጥ ቢጫ ካናሪዎች ያረባል። ከካናሪ የሚዘምረው ወንዱ ነው፤ ለውድድር ሲሠለጥን የሚኖርበት የሽቦ ቀፎ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኖ ይውላል፤ ጨርቁ ሲነሳና ብርሃን ሲያይ መዝፈን እንዲጀምር ነው ሥልጠናው። አልቪን ዘወትር ከራት በኋላ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል፤ ጨርቁን ያነሳል፤ ሰዓቱን ይዞ ሃያ ደቂቃ ያዳምጣል፤ በደብተሩ ይጽፋል። ወፎቹም እውነቱን ለመናገር ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ያንቆረቁሩታል። ቅር የሚለው አንድ ነገር ቢኖር፣ ኢርማም በዚያው ሰዓት በዚያው ምድር ቤት የቤተ ክርስቲያኑን የጠረጴዛ ልብሶችና የዘማሪዎቹን ቀሚሶች በማሽን ማጠቧ ነው። ማሽኑ አሮጌ ነው፤ ውኃውን ለመጭመቅ ሲሽከረከር ግድግዳው ሳይቀር ያጉረመርማል። «አንቺ ሰው፣ እኔ እዚህ ሥራ ላይ ነኝ እኮ» ይላታል። «እኔ ደግሞ እየጨፈርኩ ነው» ትለዋለች።

ይሁን እንጂ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ነበር። በምድር ቤት እንዲያ የሚዘምሩት ወፎች ዳኛ ፊት ሲቀርቡ ድንጋይ ይሆናሉ። አልቪን በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ አንዲት የሽልማት ሪባን እንኳ ይዞ ተመልሶ አያውቅም። የዳኛ ፊት እያስፈራቸው ነው ብሎ የቢራ ፋብሪካውን የቀድሞ ሥራ አስኪያጅ ፎቶግራፍ በቀፎዎቹ ፊት ሰቅሎ ነበር። ለውጥ አላመጣም። ዘንድሮ ግን ሉድቪግና ፍሪትዝ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች ደርሰውለት ነበር፤ ሊወዳደርም የተመዘገበው በጥንድ ነው። ጥንድ ማለት ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው አብረው ይዘምራሉ፤ አንዱ ዝም ካለ የሌላው ዘፈን አይቆጠርም።

አውሮፕላን ማረፊያው ጠረጴዛ ላይ የቆመችው ልጅ ፈገግታዋ የማይደክማት ነበረች። አልቪን ሁለቱን ትንንሽ ቀፎዎች ከነጨርቃቸው ከፊቷ አስቀመጠ። ልጅቱ ኮምፒውተሯን አየት አደረገችና፣

«አዎ፣ በስልክ ያነጋገርኩዎት እኔ ነኝ» አለች። «አንድ መንገደኛ፣ አንድ ቀፎ፤ ደንባችን ይኸው ነው። ለሁለተኛው ቀፎ ሁለተኛ መንገደኛ አምጥተዋል፤ ጥሩ። ግን እዚህ ላይ ካሲሚር የሚል ነበር፤ ቀየሩት እንዴ?»

አልቪን ጨርቁን ማስተካከል ጀመረ። ጨርቁ ምንም አልሆነም።

«ወፍ አርቢው ጓደኛዬ አሞታል» አለ ቀስ ብሎ። «ቀዶ ጥገና አድርጎ ተኝቷል።»

«ውይ፣ እግዜር ይማረው። እንኳን እርስዎ ተገኙለት፣ እናቴ» አለች ልጅቱ ለኢርማ፣ በቅን ልቦና።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የአየር መንገዱ ኮምፒውተር ያወቀውን፣ የካሲሚር ሐኪም ሳይቀር ያወቀውን ነገር ኢርማ ገና አሁን መስማቷ ነው። የጋብቻ በዓል የለም። ባሕር የለም። እሷ ቀፎ ተሸካሚ ናት፤ ያውም ሌላ ተሸካሚ ታሞ የተተካች። ከባርኔጣዋ ጠርዝ በታች ፊቷ ሲግል ተሰማት። ሻንጣዋን ይዛ ወደ ቤቷ ልትመለስ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፤ ግን የዓርብ ዓሣ ጥብስ ሴቶች ትዝ አሏት። አሥራ አንድ ሴቶች ናቸው። ለአሥራ አንድ ሴት ምን ብላ ታስረዳለች?

 የሉድቪግን ቀፎ አንስታ በክንዷ አቀፈችና ወደ ፍተሻው መንገድ ጀመረች።

«ኢርማ፣ እሱን እኔ ልያዝልሽ።»

«አይሆንም። ይሄኛው የኔ መንገደኛ ነው።»

ፍተሻው ላይ ሌላ ጣጣ ጠበቃቸው። ቀፎው በማሽን ማለፍ አለበት፤ ወፉ ግን አይችልም፤ ስለዚህ እያንዳንዳቸው ወፋቸውን በእጃቸው ይዘው በበሩ እንዲያልፉ ተነገራቸው። ኢርማ ሉድቪግን ሁለት እጇ ውስጥ ከተተችው። ልቡ ጣቷ ላይ ሲመታ ይሰማታል። በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ ከእነዚህ ወፎች አንዱን ስትይዝ ይሄ የመጀመሪያዋ ነው። ፈታሹ «እጅዎን ወደ ላይ» ቢላት፣ «እጄ ከተነሳ እሱም ይነሳል» አለችው። ሰውየው አሰበበትና በዚያው እንድታልፍ አደረጋት።

የጠፋው የባለሙያው ወፍ ነው። አልቪን ስለ ካሲሚር እንዴት እንደሚያስረዳት ሲያስብ እጁ ላላ፤ ፍሪትዝ ሾልኮ ወጣ፤ ከሰው ሁሉ ራስ በላይ አንድ ዙር ዞረና ዕቃ የሚፈትሸው ማሽን አናት ላይ አረፈ። ሰልፉ ቆመ። ስልኮች ተቀሰሩ። ማሽኑ ሆዱ ውስጥ የሰው ሻንጣ እየጎተተ ያጉረመርማል፤ ፍሪትዝም አንገቱን ነፋ፣ ምንቃሩን ወደ ጣሪያው አቅንቶ መዝፈን ጀመረ። አዘፋፈኑስ! አልቪን ከገዛ ምድር ቤቱ ውጪ እንዲህ ሲዘምር ሰምቶት አያውቅም።

የፈታሾቹ አለቃ ማሽኑን አስቆመች። ፍሪትዝ ዘፈኑን አቋርጦ ክንፉን ዘረጋጋ፤ ሊበር ነው። በኢርማ እጅ ውስጥ የነበረው ሉድቪግም ጉሮሮው ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ ድንገት ቀጥ አለ። ኢርማ ይሄን በጣቷ አወቀችው።

«መልሺ አስነሺው» አለቻት አለቃዋን።

«ምኑን?»

«ማሽኑን፣ ልጄ። አስነሺው።»

ማሽኑ ተነሳ፤ ፍሪትዝ ዓይኑን ጨፍኖ ካቋረጠበት ቀጠለ። አንድ ቁመተ ረጅም ፈታሽ የኢርማን ባርኔጣ ተውሶ፣ በጫማው ጫፍ ቆሞ፣ ከነዘፈኑ ከደነው። መንገደኛው አጨበጨበ። አልቪን ፊቱ አመድ መስሎ ወፉን ሲቀበል፣ «ብርሃኑ ነው» አለ። «የኔ ዘዴ ነው። ብርሃን ሲያይ ይዘምራል፤ ደብተሬ ላይ አለ።»

አውሮፕላኑ ውስጥ ግን ብርሃን አልነበረም። ሁለቱ ቀፎዎች ከፊታቸው ካለው ወንበር ሥር፣ በጥቁር ጨርቅ ላይ የአልቪን ካፖርት ተደርቦባቸው ተቀምጠዋል። ኢርማ የመስኮቱን ወንበር ሳትጠይቅ ይዛለች። ሞተሩ ሲነሳ፣ ወለሉ በእግራቸው ሥር መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ ከካፖርቱ ሥር አንዱ ጀመረ፤ ሌላው ተቀበለው። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማቸው! አልቪን ሹራቡን አውልቆ ጨመረበት። በሆዱ ሊሸፍናቸው ጎንበስ ቢል ቀበቶው ያዘው። ወፍ ከውድድር በፊት ድምፁን ከጨረሰ ዋጋ የለውም፤ እንባ እንባ አለው።

አስተናጋጇ መጥታ፣ «አባቴ፣ ስልክዎ እየጮኸ ነው፤ ያጥፉልኝ» አለችው።

«የሚጠፋ ዓይነት አይደለም» አለች ኢርማ።

ከኋላቸው ሲያለቅስ የነበረ ሕፃን ዝም ብሎ ማዳመጥ ያዘ። አንድ ወፍራም ሰውዬ ከፊት ዞሮ፣ እንቅልፍ ሊነሱኝ ነው ብሎ ሲነጫነጭ፣ የሕፃኑ እናት በገንዘብ የማይገኝ ጸጥታ እንዳገኘች ነግራ አስቀመጠችው። ኢርማ እግሯ ሥር ያለው ወለል ሲያጉረመርም እያዳመጠች በመስኮት ታያለች። ያንን ጉርምርምታ ታውቀዋለች። ሃያ አራት የጠረጴዛ ልብስ የጎረሰ አሮጌ የልብስ ማጠቢያ ሲሽከረከር የሚያሰማው ነው። ባለፈው ክረምት ጉንፋን ይዟት ለሳምንት ስትተኛ፣ አልቪን በየማታው ፊቱን አጥቁሮ እየወጣ፣ «ዛሬም ስሜታቸው ጥሩ አይደለም» ይላት እንደነበር ትዝ አላት። ዘዴው፣ ደብተሩ፣ ብርሃኑ፣ የሥራ አስኪያጁ ፎቶግራፍ! ሳቋ መጣባትና ወደ መስኮቱ ዞረች። ልትነግረው ነበር። ከዚያ ካሲሚር ትዝ አላትና ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው።

ውድድሩ ቅዳሜ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነበር። ኢርማ ጧት ባርኔጣዋን አድርጋ፣ ለሁለቱም የቆረጠችውን የጀልባ ቲኬት ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ተነሳች። ጀልባው ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ ይነሳል፤ የነሱ አውሮፕላን ደግሞ በማግስቱ ጧት ነው። አልቪን የተራውን ዕጣ አውጥቶ መጣ። የመጨረሻው ተራ፣ አሥር ሰዓት ይላል።

ወረቀቱን አሳያትና አጠገቧ ተቀመጠ። 

«ስለ ካሲሚር ልነግርሽ ነበር» አለ።

«መቼ?»

«ስንመለስ።»

ኢርማ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደላደለች። አልቪን እጆቹን እያየ ነበር የሚናገረው። «ሂጂ፣ ባሕሩን እይ። እኔን አትጠብቂ። ዛሬም ዝም ካሉ ቀፎዎቹን ሁሉ ለካሲሚር እሰጠዋለሁ፤ በቃኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አንቺን ከላይ ብቻሽን እያስቀመጥኩ እዚያ ታች የተቀመጥኩት ለምንድነው? ለዝምታ?»

ከላይ ብቻዬን አልነበርኩም፣ እዚያው ታች ከኋላህ ልብስ ሳጥብ ነበር፣ ልትለው አፏን ከፈተች። የሚያሳዝነው አለማየቱ ነው፤ የበለጠ የሚያሳዝነው ደግሞ አሁንም አለማየቱ። ተነሳችና፣ «በል ይቅናህ» ብላው ወጣች።  ያን ምድር ቤት ያለ ወፍ፣ ያን ሰውዬ ያለ ምድር ቤት ልታስበው ሞከረች፤ አልሆነላትም።

መንገዷን ከመጀመሯ በፊት ከአዳራሹ ጋር ግድግዳ የሚጋራ የሴቶች መጸዳጃ ገባች። የግድግዳው ሰዓት አሥር ከስምንት ይላል። በግድግዳው ወዲያ ምንም አይሰማም። ደንቡን ታውቃለች፤ ዳኛዋ ወይዘሮ ቴልማ ግሪግስ ወፎቹ ፊት ተቀምጣለች፤ ጨርቁ ተነስቷል፤ ተመልካቹ ትንፋሹን ይዟል፤ አልቪን ከኋላ ወንበር ላይ ነው። ባለቤት ማፏጨትም ሆነ መጣራት አይችልም። ሃያ ደቂቃ ነው የሚሰጣቸው፤ ስምንቱ በዝምታ አልቋል።

ኢርማ እጇን ታጠበችና ግድግዳው ላይ ያለውን የእጅ ማድረቂያ ተጫነች። አሮጌ ማሽን ነው፤ ሲነሳ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ።

በግድግዳው ወዲያ አንድ ወፍ ጉሮሮውን ሞከረ።

ማድረቂያው ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ጠፋ። ወፉም ጠፋ። ኢርማ እጇን አየች፤ ደርቋል። ሰዓቱን አየች፤ አሁን ከወጣች ጀልባው ላይ ትደርሳለች። ባርኔጣዋን አወለቀችና መታጠቢያው ጠርዝ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ እጇን እንደገና አረጠበች፤ በሕግም ቢመጣባት እጇን እያደረቀች እንድትገኝ።

ለሁለተኛ ጊዜ ስትጫን ሉድቪግ ጀመረ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትጫን ፍሪትዝ ተቀበለው። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ሊቆም ሲል እየጠበቀች ትጫነው ጀመር። አንዲት ሴትዮ መጥታ እጇን ታጥባ ተራ ጠበቀች። ጠብቃ ጠብቃ፣

«እስካሁን አልደረቀልዎትም?» አለቻት።

«እኔ ቆዳዬ ወፍራም ነው» አለች ኢርማ፣ ሳትዞር። ሴትዮዋ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወጣች።

ሃያ ሦስት ጊዜ ተጫነች። ጣቷ ቀላ፤ ፊቷን ሙቀት ጠበሰው። በሃያ አራተኛው ላይ በግድግዳው ወዲያ ደወል ተደወለ፤ ጭብጨባ ተሰማ። ጀልባው በዚያ ሰዓት እየተነሳ ነበር። ኢርማ ባርኔጣዋን አድርጋ ወጣች።

አዳራሹ ውስጥ ሰዎች አልቪንን ከበውታል። ሁለተኛ ወጥቷል። ወይዘሮ ቴልማ ቀይ ሪባን እያሰረችለት፣ የማኅበሩ መጽሔት አዘጋጅ ደግሞ እርሳስ ይዞ፣ እንዲህ ያለ ጥንድ በምን ዘዴ እንደሚሠለጥን እየጠየቀው ነው። አልቪን ደረቱን ነፍቶ ደብተሩን አወጣ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የጠበቃት ጥያቄ ናት። አፉን ሲከፍት በአዳራሹ በር የገባችውን ኢርማን አያት። ጀልባ ላይ መሆን ነበረባት። ፊቷ ቀልቷል፤ እጆቿ እንደ ልብስ አጣቢ እጅ ተኮራምተዋል። ከኋላዋ በሩ እስኪዘጋ ድረስ፣ ሌላ ሰው የተጫነው ማድረቂያ ሲያጉረመርም ተሰማ፤ ጠረጴዛው ላይም ሉድቪግና ፍሪትዝ እኩል ጀመሩ።

በሩ ተዘጋ። ወፎቹ ዝም አሉ።

አልቪን ወደ በሩ አየ። ወደ ወፎቹ አየ። አውሮፕላኑ፣ የፍተሻው ማሽን፣ ምድር ቤቱ አንድ በአንድ ፊቱ ላይ ሲያልፉ ኢርማ ከሩቅ ታነብባቸው ነበር። ደብተሩን መልሶ ኪሱ ከተተ።

«ዘዴውን እኔ አላውቀውም» አለ። «የምታሠለጥናቸው እሷ ናት። እኔ ጨርቅ ነው የማነሳው።»

ከዚያ ወደ ዳኛዋ ዞሮ፣ ሚስቱ በግድግዳ ወዲያ ምን ስታደርግ እንደነበር ተናዘዘና ሪባኑን መፍታት ጀመረ። ወይዘሮ ቴልማ እጁን ያዘችው። እሷም የማድረቂያውን ድምፅ ስትሰማ ነበር፤ የማኅበሩን ደንብ ራሷ ናት የጻፈችው፤ ስለ ማፏጨት አለበት፣ ስለ መጣራት አለበት፣ እጅ ስለ ማድረቅ ግን አንድም መስመር የለበትም። በሚመጣው ዓመት ይኖርበታል አለች።

አልቪን ሕዝቡን ከፍሎ ወደ ኢርማ መጣና ፊቷ ቆመ። 

«ስንት ጊዜ ነው የታጠብሽው?»

«ሃያ አራት።»

«ጀልባውስ?»

«ሄዷል።»

«ኢርማ፣ እኔ እኮ በሬ ነኝ» አለ።

«በሬ እንኳ አብሮት የተጠመደውን ያውቃል» አለች። ግን ሪባኑን ደረቱ ላይ አቃናችለት፤ እጇንም ከዚያ ቶሎ አላነሳችም።

በዚያው ዕለት አልቪን ስልክ ላይ ተቀምጦ የአውሮፕላኑን ጉዞ ወደ ሰኞ አሻገረው። እሑድ ባሕሩን አዩ፤ በጀልባም ሄዱ። ወፎቹን ሆቴል ትተው መሄድ አልሆነላቸውምና ይዘዋቸው ተሳፈሩ፤ የጀልባው ሞተር ሲነሳ የሆነውን መናገር አያስፈልግም።

ሰኞ ጧት አውሮፕላን ማረፊያው ጠረጴዛ ላይ መነጽር ያደረገ ጎልማሳ ሰው ቆሟል። ሁለቱን ቀፎዎች አይቶ፣ በአንድ መንገደኛ አንድ ቀፎ ብቻ እንደሚፈቀድ ካስረዳ በኋላ፣ የወፎቹ ባለቤት ማን እንደሆነ ጠየቀ።

አልቪን ኮፍያውን አወለቀ። «የሷ ናቸው» አለ። «እኔ ለሁለተኛው ቀፎ የመጣሁ ሁለተኛ መንገደኛ ነኝ።»

ሰውየው ለማረጋገጥ ኢርማን ተመለከታት። ኢርማ ባርኔጣዋን አስተካከለች፤ ሉድቪግን በክንዷ አቀፈች።

«እውነቱን ነው» አለች። «ካሲሚር ቢሻለው ኖሮ እሱን ነበር የማመጣው።»

አልቪን ፍሪትዝን አንስቶ ከኋላዋ ተከተለ።